ማውጫውን ያፈረሰው መጽሔት

አንድ ቃል ምን ያህል ቢቆራረጥ ነው ማንበብ የሚያቅተን? በ1984 ለንደን ውስጥ አንድ የወጣቶች መጽሔት ይህንን ጥያቄ በየወሩ በተግባር ሞክሮታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሔቱ «ዘ ፌስ» ይባላል፤ ወደ እኛ ስንመልሰው «ፊት» እንደማለት ነው። እንደማንኛውም መጽሔት ማውጫ ገጽ ነበረው፤ ከላይም «ማውጫ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በትልቁ ተጽፏል። በሚቀጥለው ወር ቃሉ ትንሽ ተጎዳ። በወሩ ደግሞ ባሰበት። ፊደሎቹ እየተቆራረጡ፣ እየተጣበቁ፣ እየጎደሉ ሄዱና ከጥቂት ወራት በኋላ ገጹ ላይ የቀረው ፊደል ብሎ መጥራት የሚከብድ የምልክት ክምር ሆነ። የመጽሔቱ ደንበኛ ግን ክምሩን ሲያይ ማውጫ መሆኑን ያውቃል። ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ እንደነበር ዓይኑ ለምዶታል።

ይህን ያደረገው የመጽሔቱ አርት ዳይሬክተር፣ ማለትም የገጾቹን መልክ የሚወስነው ሰው፣ ኔቪል ብሮዲ ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ስለ ዘ ፌስ በተነሳ ቁጥር «ዲዛይኑ አሪፍ ነበር» ይባላል። ነበር፣ ማን ይክዳል። ግን ዲዛይናቸው ያማረ ብዙ መጽሔቶች መጥተው ሄደዋል፤ አሁን ስማቸውን እንኳ የሚያስታውስ የለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህ መጽሔት የፈጠረውን ሁሉ ሲቀሙት ነው የኖረው። ፊደል ሲፈጥር ማስታወቂያ ሠሪው ወሰደው። አለባበስ ሲፈጥር ሱቁ ወሰደው። ማንም የማያውቃት ልጅ ሽፋን ላይ ሲያወጣ የፋሽኑ ዓለም ወሰዳት። በተወሰደበት ቁጥር ደግሞ የራሱን ገጽ አፍርሶ እንደገና መጀመር ነበረበት። የመጽሔቱን ታሪክ በዚህ በኩል ካየነው ለምን እንደሞተም፣ ሞቶ ለምን እንደተነሳም ይገባናል።

ጀማሪው ሰው ዲዛይነር አይደለም። ኒክ ሎገን ጋዜጠኛ ነው። ከ1973 እስከ 1978 «ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ» የተባለውን ታዋቂ የሙዚቃ ሳምንታዊ በዋና አዘጋጅነት መርቷል። ከዚያ ለቆ ኢማፕ ከተባለ አሳታሚ ጋር «ስማሽ ሂትስ»ን ጀመረ፤ የዘፈን ግጥምና ባለ ቀለም ፎቶ የሞላበት፣ ታዳጊዎች ቆርጠው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ዓይነት መጽሔት። በደንብ ተሸጠ። ሎገን በዚህ ጊዜ አርፎ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ ወደ ኢማፕ ሄደ፦ ሙዚቃን ከልብስ፣ ከፊልም፣ ከምሽት ክበብ ጋር አንድ ላይ የሚያይ፣ በጥሩ ወረቀት የሚታተም የወጣቶች ወርኃዊ። ኢማፕ አልፈልግም አለ።

ይህቺን እምቢታ ያዟት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሎገን ከራሱ ቁጠባ 3,500 ፓውንድ አውጥቶ መጽሔቱን ራሱ አሳተመው። ድርጅቱን ዋጋደን አለው። የመጀመሪያው ዕትም ሜይ 1980 ወጣ። ሽፋኑ ላይ የ«ዘ ስፔሻልስ» ባንዱ ጄሪ ዳመርስ ነው። 56,000 ቅጂ ተሸጠ። በኪሱ ገንዘብ ለጀመረ ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከወረቀቱ ይጀምራል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የሙዚቃ ሳምንታዊዎች በጋዜጣ ወረቀት ነበር የሚታተሙት። አንብበህ ስትጨርስ እጅህ ይጠቁራል። ፎቶው ግራጫ ነው፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ከጀርባ ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። ጽሑፉ ግን ረጅም፣ ጥበብ ያለበትና ክርክር የሚወድ ነበር። የፋሽን መጽሔቶቹ በተቃራኒው ወረቀታቸው የሚያብረቀርቅ ሆኖ ይዘታቸው ለባለጸጋ ሴቶች የታሰበ ነው። ክበብ ውስጥ እየጨፈረ የሚያድር፣ ልብሱን ራሱ የሚሰፋ፣ ሥራ የሌለው የሃያ ዓመት ልጅ ግን በጥሩ ወረቀት ላይ ፊቱን የሚያይበት ቦታ አልነበረውም። ሎገን ያየው ክፍተት ይሄ ነው። የሙዚቃ ጋዜጣውን ልጅ ወስዶ የፋሽን መጽሔቱ ወረቀት ላይ አስቀመጠው።

ጊዜውም ረድቶታል። ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን የያዘችው በ1979 ነው። በ1982 የሥራ አጡ ቁጥር ከሦስት ሚሊዮን አለፈ። መጽሔቱ በተወለደበት ሰሞን ደግሞ ለንደን፣ ኮቨንት ጋርደን ውስጥ «ብሊትዝ» በተባለ ክበብ በር ላይ ስቲቭ ስትሬንጅ የተባለ ወጣት ቆሞ ያልዘነጠውን ሁሉ ይመልስ ነበር። ገንዘብ የለም፣ ጊዜ ግን ሞልቷል። የጊዜና የድህነት ድብልቅ ደግሞ አንዳንዴ ጉድ ያፈላል። በ1980 ብቻ ሦስት ተመሳሳይ መጽሔቶች ናቸው የተወለዱት፦ ዘ ፌስ፣ ተማሪዎች የጀመሩት «ብሊትዝ» (ከክበቡ ጋር ስም እንጂ ሌላ አይጋራም)፣ እና «ብሪቲሽ ቮግ» የተባለው የፋሽን መጽሔት አርት ዳይሬክተር የነበረው ቴሪ ጆንስ በስቴፕለር እየመታ የጀመረው «አይ ዲ»። ሦስቱም አንድ ሽታ ሸትቷቸዋል።

በሴፕቴምበር 1982 የወጣው ሽፋን ዘመኑን በአንድ ምስል ይናገራል። ፊት የለበትም! «ፊት» የሚባል መጽሔት የአንድ ሰው የተቀደደ ጂንስ ከኋላ አንስቶ ሽፋን አደረገው። ርዕሱ «ክፉ ጊዜ» የሚል ነበር። ያጌጠው የክበብ ልብስ አብቅቷል፣ አሁን የተቀደደ ነው የሚለበሰው የሚል ጽሑፍ። ድህነትን ፋሽን አደረጉት ብሎ የተቆጣ ነበር፤ ተቆጪውም እውነት አለው። ግን ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን የተቀደደ ሱሪ ስታዩ ያቺን ሽፋን አስታውሷት።

ብሮዲ የመጣው በዚሁ የመጀመሪያ ዘመን ላይ ነው። ለንደን ውስጥ የኅትመት ኮሌጅ የተማረ፣ የፓንክ ልጅ። ተማሪ እያለ የንግሥቲቱን ራስ በጎኗ ያጋደመ ቴምብር ነድፎ ከትምህርት ቤቱ ሊባረር ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ለትንንሽ የሙዚቃ አሳታሚዎች የሸክላ ሽፋን ይሠራ ነበር። መጽሔት ሠርቶ አያውቅም። ይህ አለማወቁ ነው የጠቀመው ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉን ያልተማረ ሰው ሕጉን መጣሱ አያስፈራውም።

ያኔ አንድ ገጽ እንዴት ይሠራ እንደነበር ካላወቅን የብሮዲ ሥራ አይገባንም። ኮምፒውተር የለም። ጽሑፉ ከፊደል ለቃሚው ዘንድ እንደ ጥብጣብ ረጅም ወረቀት ሆኖ ይመጣል። በምላጭ ይቆረጣል፣ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። አንድ መስመር ከተረፈ ይቆረጣል ወይም አንድ ቃል እንዲቀንስ ጸሐፊው ይለመናል። ርዕስ ማሳደግ ከተፈለገ በትልቅ ካሜራ ተነስቶ ይታተማል። ፊደል ማጣመም ከፈለግህ በእጅህ ታጣምማለህ። እንግዲህ ብሮዲ ርዕሶቹን በእጁ መሳል የጀመረው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ አንድ ቁልፍ ተጭነን የምናደርገውን ነገር ያኔ በእርሳስ፣ በማስመሪያና በምላጭ ነበር የሚሠራው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የተጣመመ ፊደል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያጣመመው ነው።

ገጹ ምን ይመስላል? ርዕሱ ከላይ መሆኑ ቀርቶ ገጹ ጎን ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የአንቀጹ የመጀመሪያ ፊደል እንደ ሕንፃ ገዝፎ ሌላውን ጽሑፍ ይጋርዳል። ክብ፣ ቀስት፣ መስቀል፣ ወፍራም መስመር እንደ መንገድ ምልክት ይደረደራሉ። ባዶ ቦታ አለ፣ ያውም ብዙ። ስታገላብጠው ዓይንህ «የቱ ነው መጀመሪያ?» ብሎ ለሰከንድ ይቆማል። ያቺ ሰከንድ ናት የተፈለገችው። የመጽሔት ዲዛይን በደህናው ጊዜ እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ነው፣ ሳይታይ ያሳልፋል። ብሮዲ ግን አስተናጋጁን መሐል አዳራሽ አቁሞ አስጨፈረው። አንባቢው እያነበበ መሆኑን እንዲያውቅ፣ ገጽ የሚባለው ነገር አንድ ሰው አስቦ የሠራው መሆኑ እንዲታየው።

ከሳላቸው ፊደሎች አንዱን ቀረብ ብለን እንይ። በ1984 የሠራውና «ሁለተኛው ፊደል» ብሎ የጠራው ማዕዘኑ የጠነከረ፣ ቀጥ ያለ፣ ፊት የማይሰጥ ፊደል ነው። የ1930ዎቹን የአውሮፓ ፖስተር ያስታውሳል። ያ ደግሞ በአጋጣሚ አልነበረም። ብሮዲ የእንግሊዝን የ1980ዎቹ ድባብ ከዚያ ከጨለመው አሥር ዓመት ጋር ማመሳሰል ፈልጎ ነው ፊደሉን አምባገነን መልክ የሰጠው። ሹፈት ያለበት ፊደል ነው። ተቃውሞ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ሁሉም ወደደው። አምባገነኑን የሚያሾፍበት ፊደል የሱቅ መስኮት ላይ ወጣ። ማስታወቂያ ሠሪዎች ቀዱት፣ ሌሎች መጽሔቶች ቀዱት፣ ወጣት ደንበኛ የሚፈልግ ሁሉ «እንደ ዘ ፌስ አድርግልኝ» ማለት ጀመረ። ሹፈቱ ቀረና ቅርጹ ብቻ ተሸጠ። ሰውዬውን ምን ያህል እንዳናደደው ቀጥሎ ካደረገው መገመት ይቻላል። በ1986 ከዘ ፌስ ወጥቶ ሎገን ወደጀመረው «አሬና» ወደተባለ የወንዶች መጽሔት ሲሄድ የእጅ ፊደሎቹን ጥሎ ሄልቬቲካን አነሳ። ሄልቬቲካ ማለት የመንግሥት ቅጽና የባቡር ጣቢያ ምልክት የሚጻፍበት፣ ምንም ቅመም የሌለው ፊደል ነው። ቅዱት እንግዲህ፣ ብሎ ይመስላል። እነሱም ቀዱት። ብዙም ሳይቆይ የማስታወቂያው ዓለም በትልልቅ ሄልቬቲካ ተሞላ። በ1988 ስለ ሥራው መጽሐፍ ታተመ፣ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ውስጥም ኤግዚቢሽን ተከፈተለት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሙዚየም መግባት ክብር ነው ወይስ መታሰር፣ እኔ እንጃ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠንካራ ትችት ቀርቦ ነበር። ዲክ ሄብዲጅ የተባለው የባህል ተመራማሪ በ1985 በጻፈው ጽሑፍ ዘ ፌስን የጠፍጣፋ ዓለም ምሳሌ አድርጎ ወሰደው። ጥልቀት የለም፣ ታሪክ የለም፣ ምስሉ ጽሑፉን በልቶታል፣ ፖለቲካውም ጫማውም እኩል ያብረቀርቃሉ፤ ባጭሩ ይህን ነበር ያለው። ከፊሉ ትክክል ነው። ስለ ሥራ አጥነት የሚያወራ ገጽ ከሽቶ ማስታወቂያ አጠገብ ሲቀመጥና ሁለቱም እኩል ሲያምሩ አንድ ነገር ይጎድላል። ዛሬ በስልካችን ጣት እየገፋን የምናየውን የጦርነትና የምግብ አሠራር ድብልቅ ሳስብ ሰውዬው ቀድሞ ያየው ነገር ነበር እላለሁ። ግን ብሮዲን በዚህ መክሰስ አይሆንልኝም። ማውጫውን ያፈረሰ ሰው «ገጽ ነው፣ አትመነው» እያለ ነበር እኮ።

ፊደሉን ብቻ ካወራን ግን ግማሹን ነው ያወራነው። ሌላው ግማሽ ሬይ ፔትሪ ነው። ስኮትላንዳዊ ነው፣ አውስትራሊያም ኖሯል። ሥራው ልብስ መምረጥና ማልበስ ነበር፤ ዛሬ ስታይሊስት የምንለው። ያኔ እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዙሪያውን የተሰበሰቡት ፎቶ አንሺዎች፣ ሞዴሎችና ሙዚቀኞች ራሳቸውን «ቡፋሎ» ብለው ጠሩ። የፓይለት ጃኬት ከቀሚስ ጋር፣ ሙሉ ልብስ ከስፖርት ጫማ ጋር፣ የቦክሰኛ ቁምጣ ከባርኔጣ ጋር። ልብሱን የሚለብሱት ደግሞ ፋሽን መጽሔት ያኔ ዞር ብሎ የማያያቸው ነበሩ፦ ጥቁሮች፣ ክልሶች፣ የሠራተኛ ሰፈር ልጆች፣ አፍንጫቸው የተሰበረ።

ከሁሉም የምትታወቀው የማርች 1985 ሽፋን ናት። ፎቶውን ያነሳው ጄሚ ሞርጋን ነው። ፊሊክስ ሃዋርድ የተባለ ገና ታዳጊ ልጅ ትክ ብሎ ያያችኋል። ጥቁር ባርኔጣ ደፍቷል። ባርኔጣው ላይ ከጋዜጣ ርዕስ የተቀደደች አንዲት ቃል ተሰክታለች፦ «ገዳይ»። ልብ በሉ፣ ፊደሉ እዚህ ከብሮዲ ጠረጴዛ ወጥቶ ልብስ ሆኗል። የልጅ ፊትና የአዋቂ ቃል፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ለዚህ ዓይነት ሥራ ደግሞ መጽሔቱ የሚከፍለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ገንዘብ የለውማ። የሚከፍለው በነፃነት ነው፤ ፎቶውን አምጣ፣ ማንም አይቆርጥብህም።

ገንዘቡን ሌሎች አወጡት። ኒክ ኬመን የተባለው ሞዴል በጃንዋሪ 1984 ፔትሪ አልብሶት የዘ ፌስ ሽፋን ላይ ወጣ። በ1985 መጨረሻ የሊቫይስ ጂንስ ማስታወቂያ ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብቶ ሱሪውን ሲያወልቅ አገር ጉድ አለ። ትንሹ ፊሊክስ በዓመቱ የማዶና ቪዲዮ ላይ ነበር። ፔትሪ ራሱ ግን የዘራውን ሳያጭድ በ1989 በኤድስ ሞተ።

ከብሮዲ በኋላ የመጣ አርት ዳይሬክተር ምን ያደርጋል? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። እሱን ቢመስል ቀጂ ይባላል፣ ያውም በገዛ ቤቱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ፊል ቢከር የመረጠው መንገድ ብልህ ነበር፤ ፊደሉን ጸጥ አሰኘና ለፎቶው ቦታ ለቀቀ። ሁሉም ሰው ሲጮህ ዝምታ አዲስ ይሆናል። ኮሪን ዴይ የተባለች ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ አንዲት ቀጭን ልጅ ይዛ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ኬት ሞስ በጁላይ 1990 ሽፋን ላይ ስትወጣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በባሕር ዳርቻ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። አንዱ ላይ የላባ አክሊል ደፍታለች። አንዱ ላይ ስትስቅ አፍንጫዋ ተሸብሽቧል። በ1980ዎቹ ሽፋን ላይ የምናውቃቸው ሞዴሎች ረጃጅም፣ ተኳኩለው ያለቁ፣ እንደ ሐውልት የሚያስፈሩ ነበሩ፤ ይህቺ ግን ጎረቤት ያለች ልጅ ትመስላለች። የ1990ዎቹ ፋሽን ከእነዚህ ጥቂት ገጾች ወጣ ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከፎቶዎቹ ከፊሎቹ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ መነሳት የማይገባት ዓይነት ነበሩ፣ ኬት ሞስ ራሷም ካደገች በኋላ ምን ያህል እንዳልተመቻት ተናግራለች። ያ ሁሉ ነፃነት የማን ነፃነት እንደነበር የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው።

በ1992 መጽሔቱ ከሞት ተርፏል። አውስትራሊያዊው ዘፋኝና ተዋናይ ጄሰን ዶኖቫን ስለ ግል ሕይወቴ ውሸታም አስመስሎኛል ብሎ በስም ማጥፋት ከሰሰውና አሸነፈ። ፍርድ ቤቱ 200,000 ፓውንድ ካሳ ወሰነ። ጀርባው ትልቅ ድርጅት ለሌለው መጽሔት ይህ ማለት መዘጋት ነው። አንባቢዎች ገንዘብ አዋጡ። ዶኖቫንም ኋላ ላይ ካሳው እንዲቀነስ ተስማማ። በራስ ገንዘብ መሥራት ነፃነት ይሰጣል፤ አንዲት የተሳሳተች ገጽ ግን ቤቱን ይዛ ልትወድቅ ትችላለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሽያጭ የደመቁት ናቸው። በ1993 የሮክ ዘፋኙ ከርት ኮቤይን ባለ አበባ ቀሚስ ለብሶ ሽፋን ላይ ወጣ። በኤፕሪል 1994 ኢኔዝና ቪኑድ የተባሉት ሆላንዳውያን ጥንዶች ሞዴሎቹን ስቱዲዮ ውስጥ አንስተው ከጀርባቸው የሮኬት ማስወንጨፊያ በኮምፒውተር ለጠፉበት። ከዚያ በፊት የፋሽን ፎቶ «እውነት ነው» የሚል ጭምብል ነበረው፤ ያ ጭምብል ተገፈፈ። የመጽሔቱ ሽያጭ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወር ከ100,000 በላይ ደረሰ። ዲዛይኑ እንደገና ደማቅ፣ ቀለሙ እንደገና የሚጮህ ሆኗል።

ችግሩ ግን ውጭ እያደገ ነበር። በ1980 ሎገን ያየው ክፍተት አሁን የለም። የክበቡ ልጅ ፊቱን የሚያይበት ቦታ ሞልቷል። በ1991 «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ተጀመረ፣ ዘ ፌስ በወጣትነቱ የሚመስለው እሱን ነበር። አሬና የከፈተውን የወንዶች መጽሔት ገበያ እነ «ሎደድ» በቢራና በሴት ፎቶ ሞሉት። ትልልቆቹ ጋዜጦች በሳምንት መጨረሻ አባሪያቸው ስለ ክበብ፣ ስለ ስኒከር፣ ስለ ወጣት ዲዛይነር መጻፍ ጀመሩ፤ ያውም በጥሩ ወረቀት፣ ያውም ትልቅ ፊደል ተጠቅመው። አባትህ ቅዳሜ ጠዋት የሚያነበው ጋዜጣ የዘ ፌስን ነገር ካወራ ዘ ፌስ ምን ቀረው? ከዚያ ኢንተርኔት መጣ።

በ1999 ሎገን ዋጋደንን ሸጠ። ገዢው ማን ይሁን? ኢማፕ። በ1980 አልፈልግም ያለው ያው ኢማፕ። አምስት ዓመት ያዘው። ሽያጩ ወረደ፣ ማስታወቂያውም አብሮ ወረደ፣ ሜይ 2004 ላይ የመጨረሻው ዕትም ወጣ። ኢማፕ ያኔ ከዘ ፌስ በጣም የሚበልጥ የሚሸጡ መጽሔቶች ነበሩት። ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት ዘ ፌስ አንድ የሒሳብ መስመር ነው፤ መስመሩ ቀይ ከሆነ ይሰረዛል። ልክ ሃያ አራት ዓመት ኖረ። ለወጣቶች መጽሔት ብዙ ዕድሜ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ያኔ አርባዎቹን ጀምረዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ጀርመን ውስጥ በ1959 የተጀመረው «ትቬን» የተባለ የወጣቶች መጽሔትም በዲዛይኑ ዓለምን ያስደነቀ ነበር። ቪሊ ፍሌክሃውስ የተባለው አርት ዳይሬክተሩ ገጹን አሥራ ሁለት ቀጫጭን አምድ ላይ አቁሞ፣ ጥቁር መደብ እየደፋ፣ ፎቶን በድፍረት እየቆረጠ ይሠራ ነበር። በ1971 ተዘጋ። የወጣቶች መጽሔት ዲዛይን የሚያረጀው ከአንባቢው በፊት ነው መሰለኝ። አንድ ትውልድ «የኔ» ያለውን መልክ ታናሹ እንደ ወንድሙ ልብስ ነው የሚያየው።

ዘ ፌስ ግን ተነሳ። በ2017 «ዌስትድ ታለንት» የተባለ ድርጅት ስሙን ገዛው። በኤፕሪል 2019 መጀመሪያ በድረ ገጽ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ በወረቀት ተመለሰ። አሁን በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚወጣው። በ2025 የካቲት ላይ ደግሞ የለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ስለ መጽሔቱ ኤግዚቢሽን ከፈተ፤ ከ80 በላይ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸው ቀረበ። ስለ መጽሔቱ እንደገና ብዙ የተወራው ከዚህ ወዲህ ነው።

እኔ የምጠራጠረው ትንሣኤው ላይ አይደለም፤ ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ጽሑፉም ይነበባል። የምጠራጠረው ገጹ ላይ ነው። ብሮዲ የሚያፈርሰው ነገር ነበረው፦ ገጽ። ገጽ ማለት ጠርዝ ያለው፣ የሚገለበጥ፣ ቀጣዩን የሚደብቅ ነገር ነው። አንባቢው ስልኩ ላይ ሲሆን ጠርዝ የለም። ገጽ መገልበጥ የለም። ከሌላ ቦታ በአንዲት ሊንክ ይመጣል፣ መሐሉ ላይ ይገባል፣ አንብቦ ወይም ሳያነብ ይወጣል፣ የማን መጽሔት እንደሆነም ላያስተውል ይችላል። የአንዱ ድረ ገጽ አንቀጽ ከሌላው የሚለየው በፊደሉ ውፍረትና በቀለሙ ነው፤ አወቃቀሩ ያው አንድ ነው፦ ርዕስ፣ ፎቶ፣ ጽሑፍ፣ ማስታወቂያ፣ እንደገና ጽሑፍ። ርዕሱን ጎን ላይ ቀጥ አድርጎ ላቁም የሚል ዲዛይነር ቢመጣ «ስልክ ላይ አይገባም» ተብሎ ይመለሳል፤ እውነትም አይገባም። ሽፋን የሚባለውም ነገር አሁን መጀመሪያ የሚታየው እንደ አውራ ጣት ጥፍር ባነሰች ካሬ ነው። የፊሊክስ ባርኔጣ ላይ ያለችው «ገዳይ» የምትል ቃል በዚያ መጠን አትነበብም።

ወረቀቱስ? ወረቀቱ ተርፏል፣ ግን ሥራው ተለውጧል። በ1980 ወርኃዊው መጽሔት ዜና ነበር፤ የት ይጨፈራል፣ ምን ይለበሳል፣ ማን መጣ። ወር ሙሉ በአውቶቡስ ውስጥ ይነበባል፣ ይቀደዳል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሦስት ወር አንዴ የሚመጣው ወረቀት ግን ዜና መሆን አይችልም። የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ሰው ይገዛዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል፣ ፎቶ አንስቶ ይለጥፈዋል። እንዲቀመጥ የተሠራ ነገር ደግሞ ማማር ነው ያለበት፣ ማስቸገር የለበትም። እዚህ ላይ ነው ከድሮው ጋር የሚለያየው ብዬ የማስበው። ድሮ የሚያስቸግር ነበር፤ ማውጫው እንኳ አይነበብም።

ስለዚያ ማውጫ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የትኛውንም ድረ ገጽ ክፈቱ። ጥግ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ሦስት አጫጭር መስመሮች ተደርድረው ታያላችሁ። ፊደል አይደሉም። ምንም አይነበብም። ስንነካቸው ማውጫው እንደሚወጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ተቀምጦ ያስተማረን የለም።